ኮሌጅ አካፔላ ግሩፕ ለመግባት ለምታስቡ ሀበሾች፣ ከውስጥ ሆኜ ያየሁት

በየአመቱ እዚህ አሜሪካ ትምህርት ሊከፈት ሲል ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ የዘመድ ልጅ ወይ ሜሪላንድ ያደገ የጓደኛዬ ወንድም ይደውልልኛል፣ ጥያቄው ያው አንድ ነው። "ድምፄ ያን ያህል የሚባል አይደለም፣ ኖታም አላነብም፣ አካፔላ ግሩፕ ብሞክር ይቀበሉኛል እንዴ?" እኔ ኮሌጅ እስክጨርስ አንድ ግሩፕ ውስጥ አልቶ (ወፈር ያለው የሴት ድምፅ) ሆኜ ዘፍኛለሁ፣ መጨረሻ አካባቢ ደሞ ኦዲሽን (የመግቢያ የድምፅ ፈተና) ከሚሰሙት አንዷ ሆኜ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጫለሁ፣ ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ያየሁትን አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይሄን አንብብ እያልኩ ልገላገል።

አጭሩን መልስ ከፈለጋችሁ፣ ከድምፃችሁ ይልቅ ጆሯችሁን ነው የሚፈትኑት። ረጅሙ ይሄው።

ለማያውቀው ሰው፣ አካፔላ አስራ ምናምን ተማሪዎች በግማሽ ክብ ቆመው ያለምንም መሳሪያ የሚዘፍኑት ዘፈን ነው፣ ከበሮውም ቤዝ ጊታሩም ኪቦርዱም በአፍ ነው የሚሰራው። አብዛኛው ግሩፕ አስተማሪ የለበትም፣ ክሬዲትም የለውም፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚያስኬዱት፣ ልምምድ የሚመራ ሚውዚክ ዳይሬክተር አለ፣ ኤምዲ ነው የምንለው፣ ፕሬዝዳንት አለ፣ ጊግ (የሚዘፈንበት ዝግጅት) የሚያፈላልግና ገንዘብ የሚይዝ ማናጀር አለ። አንድ ትልቅ ካምፓስ ላይ እንደዚህ አይነት ግሩፕ አስርና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል፣ እና ሁሉም መስከረም ላይ አዲስ ልጅ ለመውሰድ ይሻማሉ።

የኮሌጅ አካፔላ ተጀመረ የሚባለው ዬል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ1909፣ አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትሳሳቱ። ዊፈንፑፍስ የሚባሉ ልጆች ሞሪስ የምትባል ቤት እየተገናኙ ይዘፍኑ ነበር፣ ግሩፑ እስከዛሬ አለ፣ 14 ሰው ነው የሚይዘው፣ ጅራት ያለው ኮትና ነጭ ጓንት አድርገው ነው የሚቆሙት፣ ሴት የተቀበሉት ግን ገና በ2018 ነው፣ ከመቶ አመት በላይ ምን ሲጠብቁ እንደነበር እንጃ። ሴቶቹም ቢሆኑ ቁጭ ብለው አልጠበቋቸውም፣ ስሚዝ ኮሌጅ ያሉት ስሚፈንፑፍስ ከ1936 ጀምሮ እየዘፈኑ ነው። ከዛ ፕሪንስተን ናሶንስ በ1941፣ ሀርቫርድ ክሮኮዲሎስ በ1946፣ ተፍትስ ደሞ በ1962 ቢልዝበብስ የሚባለውን አቋቋሙ፣ አዎ ስሙ ያው የምታውቁት ብዔል ዜቡል ነው፣ እናቴ እንዳትሰማ። ከዚሁ ግሩፕ የወጣ ዲክ ሻሮን የሚባል ሰው ነው ድምፅን እንደ ጊታርና እንደ ከበሮ ማስመሰሉን በኮሌጅ ግሩፖች ዘንድ ያስፋፋው፣ ከሱ በፊት በአብዛኛው ኮትና ከረባት አድርጎ ቆሞ በኮርድ፣ ማለትም የተለያየ ድምፅ አንድ ላይ ደራርቦ፣ መዘመር ነበር።

ይሄን ሁሉ የነገርኳችሁ ዛሬም ካምፓስ ላይ ሁለቱም አይነት ስላሉ ነው። የድሮውን መንገድ የያዙት ወግ ያበዛሉ፣ የቆዩ የጃዝ ዘፈኖች ይዘፍናሉ፣ ፕሪንስተን ብትሄዱ ማታ ማታ የድንጋይ ቅስቶቹ ስር ቆመው ታገኟቸዋላችሁ ምክንያቱም ድንጋዩ ድምፁን አጉልቶ ይመልሰዋል። አዲሶቹ ደሞ ፖፕ፣ ማይክ፣ ቢትቦክስ (ከበሮን በአፍ መስራት)፣ ዳንስ ናቸው፣ ብዙዎቹ ውድድር ይወዳደራሉ። ዋናው ውድድር አይሲሲኤ ይባላል፣ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከሩብ ፍፃሜ ተነስቶ ኒውዮርክ ላይ ነው የሚጠናቀቀው፣ አንድ ግሩፕ የሚሰጠው ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለዛች 10 ደቂቃ ነው እንግዲህ የብርዱን ወራት ሙሉ መከራ የሚበላው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤስሲ) ልጆች፣ ሶካል ቮካልስ፣ ደጋግመው ወስደውታል። የምትገቡበት ግሩፕ የሚወዳደር ይሁን የማይወዳደር ከኦዲሽን በፊት ጠይቁ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ህይወት አንድ አይደለም፣ ስለ ሰአቱ ወደታች እመለስበታለሁ።

በባህል የተሰባሰቡም አሉ። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ፔን ማሳላን በ1996 መስርተው የህንድ ዘፈንና የእንግሊዝኛ ዘፈን እየቀላቀሉ ይዘፍናሉ፣ በ2009 ዋይት ሀውስ ድረስ ሄደው ለኦባማ ዘፍነዋል። ዬል ውስጥ ማጌቬት የሚባለው በዕብራይስጥ ይዘፍናል። ዲሲ ላላችሁ ደሞ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አፍሮ ብሉ አለ፣ ይሄኛው ጃዝ ላይ ያተኮረና በአስተማሪ የሚመራ ስለሆነ ካልኳችሁ ትንሽ ይለያል፣ በ2011 ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ላይ በነበረው የአካፔላ ውድድር ወጥተው ስንቱን ነው ያስደመሙት።

እሺ ኦዲሽን። አንድ ክላስ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከፊታችሁ የግሩፑ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ያዘጋጃችሁትን አንድ ቨርስና አዝማች ያለ ሙዚቃ ትዘፍናላችሁ። ይሄ ክፍል ሁሉም ሰው የሚጨነቅበት ነው፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዛ ጠረጴዛ ኋላ ሆነን ከዚህ ብዙም አንጽፍም ነበር፣ የምንሰማው አንድ ነገር ነው፣ በጀመራችሁበት ቁልፍ (የድምፅ ከፍታ) ጨረሳችሁ ወይስ እየወረዳችሁ ሄዳችሁ? አንድ ግሩም ድምፅ ያለው ልጅ አስታውሳለሁ፣ ቨርሱን ሲጨርስ ከጀመረበት አንድ ቶን ሙሉ (ከሬ ወደ ዶ ያህል) ወርዷል፣ ለብቻው ሲዘፍን ማንም አይገባውም፣ ሌላ አስራ ሁለት ሰው ጋ ሲቆም ግን ሁሉንም ይዞ ይወርዳል።

ቀጥሎ ፒያኖ ላይ ወይ በስልክ አፕ ድምፃችሁ ከየት እስከየት እንደሚደርስ ያያሉ፣ እዚህ ጋ ፉክክር የለም፣ የት እንደሚያስቀምጧችሁ እያዩ ነው፣ ለማሳመር ብላችሁ ከአቅም በላይ አትጩሁ። ከዛ ነው ዋናው የሚመጣው፣ አምስት ስድስት ኖታ ይመቱና መልሳችሁ በሉት ይሏችኋል፣ መጀመሪያ ቀላል ነው፣ እየቆየ ይጠማዘዛል፣ ሆን ብለው ዜማ የማይመስል ነገር ያመጣሉ። እዚህ ጋ ሀበሻ ያበራል! ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ መዝሙር የተማረው በወረቀት አይደለም፣ አስጠኚው ይላል እሱ ይቀበላል፣ ሳይሰለች ደግሞ ደጋግሞ ይቀበላል፣ ዜማ ሰምቶ መያዝ ለሱ ትርፍ ስራ አይደለም። እኔ ፒያኖ ነክቼ አላውቅም ነበር፣ ሲመቱልኝ ግን የኔታ እንዳስቀጠሉኝ ያህል ነበር የቀለለኝ፣ እነሱ ፊት ለፊቴ ሲተያዩ ይታየኛል።

የኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ኮልባክ ላይ ነው የሚመጣው። ኮልባክ ማለት ከመጀመሪያው ዙር ያለፋችሁት ተመልሳችሁ ስትጠሩ ነው፣ የአንድ ዘፈን አጭር ቁራጭ ያስተምሯችሁና ከግሩፑ መሀል አቁመው አብራችሁ ዘፍኑ ይሏችኋል፣ በቀኛችሁ ያለው ሌላ ዜማ ይላል፣ በግራችሁ ያለው ሌላ ይላል፣ እናንተ የራሳችሁን መያዝ አለባችሁ። እኛ ያደግነው በአብዛኛው ሁሉም ሰው አንድ ዜማ በሚልበት አዘማመር ነው፣ አብረን ስንዘምር ጆሯችን ጎረቤቱን ፈልጎ ይሄድና ይለጠፍበታል፣ ይሄ ቤተክርስቲያን ውስጥ ጥሩ ነው፣ አካፔላ ውስጥ ግን አልቶዋ ሳታውቀው ሶፕራኖ (ቀጭኑ የሴት ድምፅ) ሆነች ማለት ነው። ጴንጤ ቸርች ኳየር ውስጥ በድምፅ ተከፋፍላችሁ የዘመራችሁ እዚህ ጋ ከኦርቶዶክሶቹ ትቀድማላችሁ፣ አመናችሁም አላመናችሁም እውነት ነው። መድሃኒቱ ልምምድ ነው፣ የሚለማመዱበትን መንገድ መጨረሻ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛው የኮልባክ ነገር ወሬ ነው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ቁጭ አድርገው የማይረባ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ዳቦ ብትሆኚ ምን አይነት ዳቦ ትሆኛለሽ ምናምን። እኔ ድፎ ዳቦ ብያቸው ድፎ ዳቦ ምን እንደሆነ፣ በኮባ ቅጠል እንዴት እንደሚጋገር ሳስረዳ ደቂቃዬ አለቀ። ቀልዱን ናቁት ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ይሄ ይሉኝታችን እዚህ አይሰራም፣ ከነዚህ ልጆች ጋ በሳምንት ስድስትም ስምንትም ሰአት ልታሳልፉ ነው፣ ቫን ውስጥ ተደራርባችሁ ልትሄዱ ነው፣ ስለዚህ ከናንተ ጋ መዋል ይቻላል ወይ የሚለውን ነው የሚያዩት። አንገት ደፍቶ "አዎ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ የወጣ ልጅ ጨዋ ነው አይሉትም፣ አልፈለገንም ነው የሚሉት፣ ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚያታግላችሁ ብሌንድ ነው፣ የሁሉም ድምፅ ተዋህዶ እንደ አንድ ሲሰማ ማለት ነው። እኛ ዜማን ቀጥ አድርገን አንልም፣ መጨረሻው ላይ እናርገበግበዋለን፣ እናዞረዋለን፣ ዜማ የተማረ ሰው ርክርክ የሚለው አይነት። ኤምዲያችን ልምምድ አስቁማ "ቀጥ አድርጊው፣ እንደ ክር" ትለኝ ነበር፣ እኔ ደሞ ቀጥ ያደረግኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ስልኳን አፌ ስር አድርጋ ቀዳችውና አሰማችኝ፣ አንድ "ኡ" የምትል ድምፅ ይዤ አምስት ቦታ ነው የወሰድኳት። ሌላው አናባቢ ነው፣ አስር ሰው "ኦ" ሲል አስሩም አፉን እኩል ካልከፈተ ኮርዱ የተቃኘ ቢሆንም የተበላሸ ይመስላል፣ ልምምዱ ግማሹ ማለት ይቻላል ይሄ ነው፣ አፍ መመሳሰል። ያዝጋል። ግን ልክ የመጣ ቀን ማንም ያላለው አንድ ቀጭን ድምፅ ከላይ ሲጮህ ትሰማላችሁ፣ ኮርዱ ራሱ የፈጠረው ድምፅ ነው፣ ያኔ አዲሶቹ ልጆች ማን ነው እሱ ብለው ዞር ዞር ይላሉ።

ርክርኩን ግን እንዳትጥሉት። ባክግራውንድ (አጃቢው) ላይ ነው እንጂ የማይፈለገው ሶሎ (ለብቻ የሚዘፈነው) ላይ ወርቅ ነው፣ ሌሎቹ ለማምጣት የሚለፉበት ነገር እኛ ጋ በጡት የመጣ ነው። ሶሎ የሚሰጠው በውስጥ ኦዲሽን ነው፣ ሁሉም ይዘፍንና ድምፅ ይሰጣል፣ እዛ ላይ ልቀቁት።

ቢትቦክስ ላይ ደሞ ማንም ያልነገረኝን ነገር ልንገራችሁ። ፈረንጆቹ ልጆች ቢትቦክስ ሲማሩ ትንፋሽን ጉሮሮ ላይ ዘግቶ ከከንፈር ማፈንዳት የሚባለው ነገር ለሳምንታት ያታግላቸዋል። ለኛ እኮ እሱ ፊደል ነው! ጵ በሉ፣ ያ ትልቁ ከበሮ ነው። ጽ በሉ፣ ሲምባሉ ነው። ቅ በሉ፣ ስኔሩ፣ ጠረር የሚለው ትንሹ ከበሮ ነው። ጵ ጽ ቅ ጽ፣ ጵ ጽ ቅ ጽ፣ በቃ ቢት ተሰራ። "ጰራቅሊጦስ" ብሎ ያደገ ልጅ ለዚህ ስራ ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ የቀረው ከማይክ ጋ መለማመድና ፍጥነቱን አለማዛባት ነው፣ ቢትቦክሰር ደሞ ሁሌም እጥረት አለ፣ ስለዚህ ድምፃችሁን የማታምኑ ወንዶች በተለይ ይሄን አስቡበት፣ ኦዲሽን ላይ "ቢትቦክስም እሞክራለሁ" ማለት ብቻውን ጆሮ ያስቀስራል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የሆነ ጊዜ አንድ የትዝታ ዘፈን በአማርኛ እንስራ አልኩኝ፣ እሺ አሉ፣ አሬንጅ የሚያደርገው (ዘፈኑን ለየድምፁ የሚያከፋፍለው) ልጅ ሚውዚክ ሜጀር ነው፣ ጎበዝ ነው፣ በሁለት ቀን ሰርቶ አመጣ። ስንዘፍነው ግን የፈረንጅ የገና መዝሙር ነው የሆነው። ዜማው ትክክል ነው፣ ሶሎውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ግን ትዝታው የለም። ቁጭ ብለን ስናየው ችግሩ ገባን፣ ትዝታ አምስት ድምፅ ነው ያለው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ፋ እና ሲ የሉበትም፣ እሱ ደሞ ኮርድ ለመሙላት ብሎ ታች ያሉት ድምፆች ውስጥ ፋ እና ሲን ሞልቷቸዋል፣ ጆሯችን የሚያውቀው ባዶ ቦታ ሁሉ ተደፍኗል። አወጣናቸው። ቤዞቹ (ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች) ዶ እና ሶልን ብቻ ይዘው እንዲቆዩ አደረግን፣ እኛ አልቶዎቹ ክራር እንደሚመታው አይነት ድግግሞሽ "ዲን ዲን ዲሪን" እያልን ያዝን፣ አንድ ቴነር (ቀጭኑ የወንድ ድምፅ) ማሲንቆ ሆነ፣ ማለትም የራሱ ዜማ የለውም፣ ሶሎዋ የሄደችበት እየተከተለ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይንሸራተታል። አዝማሪ ቤት ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ እሱ ግን አይቶ ስለማያውቅ ቪዲዮ አሳይቼው ነው። የቀሩት ተቀባይ ሆኑ፣ እኔ ሳወጣ እነሱ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፣ ኮርድ የለ፣ ምን የለ። መጨረሻ ላይ ብቻ ኮርድ ከፈትን።

ሪትሙ ደሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ፈጠን ወደሚለው ክፍል ስንገባ ጭክጭካ ነው፣ ባለ ስድስት ምት፣ ፈረንጆቹ ሲያጨበጭቡ ዋልዝ ያደርጉታል። ቢትቦክሰራችንን ኪችን ውስጥ አስቀምጬ ጠረጴዛ እየመታሁ ነው ያስያዝኩት፣ ትከሻዬን እያየ ምት ያዝ ስለው ገባው፣ ትከሻው ሲወርድ ነው ጵ የሚመጣው። የሚገርመው ከሁሉም ልጆች ውስጥ ቃላቶቹን አጥርቶ የጠራው እሱ ነው፣ ሌሎቹ ጠን ተ፣ ቀን ከ እያሉ ሲያለቅሱ እሱ ለካ ድምፆቹን በከበሮ ያውቃቸዋል፣ ከዛ በኋላ ለሁሉም "ጠን እንደ ሀይሃት (እንደ ትንንሾቹ ሲምባሎች) በሉት" ብለን አስተማርናቸው።

እናንተም የአማርኛ ዘፈን ልታስገቡ ካሰባችሁ በሜጀሩ ትዝታ፣ ከላይ ባልኩት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ጀምሩ። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለሌላ ጊዜ አቆዩት (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ላይ የፈረንጅ ኮርድ ለመገንባት መሞከር ራስ ምታት ነው፣ በደንብ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ይበላሻል። ግጥሙን በላቲን ፊደል ጻፉላቸው፣ ትርጉሙን በአንድ መስመር ንገሯቸው፣ የቀረውን በቅጂ ላኩላቸው። ኮንሰርቱ ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ነጠላዋን አድርጋ መጥታ መሀል ላይ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሶፕራኖዎቹ ደንግጠው ሊስቱ ነበር፣ ከመድረክ ስንወርድ የኤምዲያችን ጥያቄ "ሴትየዋን በየሾው ማምጣት ይቻላል?" የሚል ነበር።

አክስቴ እንዲህ ብትሆንም ቤት ውስጥ ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። እማዬ በስልክ መጀመሪያ ያለችኝ "እንዲያው ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ልትዘፍኚ ነው?" ነው፣ ዘፈንና መዝሙር በኛ ቤት አንድ አይደለም፣ እዛ ቤት ያደገ ያውቀዋል። ተከራክሬ አላሸነፍኳትም፣ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ግጥማቸውን ያልወደድኳቸው ዘፈኖች ላይ አልቆምም ብዬ ለግሩፑ መጀመሪያውኑ መናገር ነው፣ ችግር የለም አሉ፣ ቬጀቴሪያንም ሰንበት የሚያከብሩ አይሁድም አብረውን ስለነበሩ እንደዚህ አይነት ነገር አዲስ አይደለም። ሙሉ በሙሉ መንፈሳዊ ብቻ መዘመር የምትፈልጉ ደሞ የክርስቲያን አካፔላ ግሩፕ ያላቸው ካምፓሶች አሉ፣ ዬል ሊቪንግ ዋተር፣ ሀርቫርድ አንደር ኮንስትራክሽን፣ ፕሪንስተን ኪንድረድ ስፒሪት፣ ለወላጅ ለመንገርም እሱ ይቀላል። ለጾም ግን ተዘጋጁ፣ የውድድሩ ወቅት ከጥር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ሁዳዴ መሀሉ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ቫኑ የሚቆመው ደሞ በርገር ቤት ነው፣ ሽሮ በቴርሞስ ይዤ እጓዝ ነበር፣ ቫኑ ሙሉ ይሸት ነበር፣ ማንም አልሞተም።

ሰአትና ገንዘብ። የማይወዳደር ግሩፕ በሳምንት ሁለት ወይ ሶስት ማታ ሁለት ሁለት ሰአት ይለማመዳል፣ የሚወዳደር ከሆነ ጥር ላይ እጥፍ ይሆናል፣ ከእረፍት ቀድማችሁ ካምፓስ ተመለሱ ይሏችኋል፣ የፈረንጅ ጥር 7 የኛ ገና ነው ብትሏቸው አይገባቸውም፣ ቀድማችሁ ቀን አስይዙ። ኢንጂነሪንግ ወይ ፕሪሜድ (ለህክምና ትምህርት መዘጋጃ) የምትማሩ ላብ ያለባችሁ ማታ ስንት ማታ እንደሆነ ሳታዩ እሺ አትበሉ፣ ስኮላርሺፓችሁ በጂፒኤ ከሆነ ደሞ ከግሩፑ በላይ እሱን ነው የምታስቀድሙት፣ ይሄ አያከራክርም። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ መዋጮ፣ ጥቁር ልብስ፣ የጉዞ ድርሻ፣ ግን በአንዴ ሲመጣ ይከብዳል፣ ብዙ ግሩፖች ላልቻለ ሰው የሚከፍሉበት በጀት አላቸው፣ ማናጀሩን ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁ፣ እኔ ኦዲሽን ላይ ከመቀመጤ በፊት ይሄ እንዳለ አላውቅም ነበር።

በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ላላችሁ ሁለት ነገር። ግሩፑ ሰርግ ላይ ወይ የሆነ ድርጅት እራት ላይ ሲዘፍን የሚከፈለው ገንዘብ ለግሩፑ አካውንት ነው የሚገባው፣ ሰው ለናንተ ለብቻችሁ ከካምፓስ ውጪ ዝፈኑልን እንከፍላለን ካለ ግን ያ ስራ ነው፣ የኢንተርናሽናል ተማሪዎችን ቢሮ ሳትጠይቁ አትቀበሉ። ሁለተኛው ቱር ነው፣ ግሩፖች በእረፍት ከሀገር ውጪ መውጣት ይወዳሉ፣ እኛ ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ነው፣ ለንደን ለመሄድ አሜሪካዊው ያለ ቪዛ ሲሄድ እኛ ቪዛ ማመልከት አለብን፣ አይ-20ው (ትምህርት ቤቱ የሚሰጠን የተማሪ ወረቀት) ላይ የጉዞ ፊርማ መኖሩን፣ የአሜሪካ ቪዛችን ለመመለስ የሚሰራ መሆኑንም ማየት አለብን። ቱሩ ገና ሲታሰብ እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ፣ የእኔ ግሩፕ ይሄን ሲሰማ ቱሩን ወደ ካሊፎርኒያ ቀየረው፣ ሁሉም ግሩፕ ግን ይቀይራል ማለት አይደለም፣ አንድ ሌላ ካምፓስ ያለ ጓደኛዬን ጥለውት ሄደዋል።

ካልተቀበሏችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቦታ ነው። ሶስት አልቶ ተመርቀው ከወጡ ሶስት አልቶ ነው የሚፈለገው፣ ምርጥ ሶፕራኖ ብትመጣ ቦታ የለም። ጥር ላይ ደግሞ ኦዲሽን የሚከፍቱ አሉ፣ ያኔ ሂዱ፣ እስከዛ ጎስፔል ኳየር ግቡ፣ እዛ በድምፅ ተከፋፍሎ መዘመር ትለምዳላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ኦዲሽንም አይጠይቅም።

ኖታ አላነብም ለምትሉት፣ እኛ ግሩፕ ውስጥ ግማሹ አያነብም ነበር። ሚውዝስኮር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አውርዱ፣ ግሩፖች አሬንጅመንቱን በፋይል ይልኩላችኋል፣ ከመግባታችሁ በፊት ከሆነ ደሞ ማንኛውንም ባለ አራት ድምፅ መዝሙር ከኢንተርኔት ማግኘት ይቻላል። መጀመሪያ የናንተን መስመር ብቻ ከፍታችሁ ስሙ፣ እስክትይዙት። ቀጥሎ የናንተን ጮክ የሌሎቹን ዝግ አድርጋችሁ አብራችሁ በሉ። ከዛ የናንተን ሙሉ በሙሉ አጥፉና የሌሎቹን ሶስቱን ከፍታችሁ በላያቸው ላይ ዘፍኑ፣ ከጎረቤቱ ዜማ ላይ ስትለጠፉ እዚህ ጋ ነው የምትያዙት፣ ከከበዳችሁ አንድ ጎረቤት ብቻ ክፈቱና ቀስ በቀስ ጨምሩ። ወንዶች ቴነርና ቤዝን እየቀያየራችሁ ሞክሩ፣ የት እንደሚያስቀምጧችሁ አታውቁም። ኦዲሽኑ ክላስ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ስም የሚጻፈው አክቲቪቲ ፌር (የተማሪ ክበቦች የሚተዋወቁበት ዝግጅት) ላይ ነው፣ ለአንድ ግሩፕ ብቻ ሳይሆን ለአራት ለአምስት ተመዝገቡ፣ የጠዋት ሰአት ከሰጧችሁ ደሞ ቀይሩልን በሉ፣ ድምፅ ከሰአት በፊት አይከፈትም።